አሮጌው ወይስ አዲሱ? ላንድክሩዘር ልንገዛ የተሟገትንበት ጉዳይ

ሰሞኑን ብዙ ሰው በውስጥ መስመር "መኪናውን ገዛችሁ ወይ?" እያለ ይጠይቀኛል። አዎ ገዝተናል። ግን የገዛነው እኔ ስከራከርለት የከረምኩትን አይደለም። ለምን እንደሆነ ልጻፈው፣ ምናልባት ለሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ (እኛ ጋሼ ነው የምንለው) 17 ዓመት የሰው መኪና ነድቷል። ከመሐል ሜዳ ወደ ገጠር የሚወጣውን የጠጠር መንገድ እያንዳንዱን ጉድጓድ ያውቀዋል። ታናሽ እህታችን ደግሞ አረብ አገር ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች 7 ዓመት ሆናት። እሷ የላከችውን፣ ጋሼ ያጠራቀመውን፣ እኔም ከዕቁብ የደረሰኝን አንድ ላይ አድርገን ሰው የሚጭን ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ለመግዛት ተስማማን። መኪና መራጭ ተደርጌ የተሾምኩት እኔ ነኝ። "አንተ ተምረሃል፣ አንብበህ ንገረን" ተባልኩ። የመምህር ደመወዝ መኪና አይገዛም እንጂ ስለ መኪና ማንበብ አይከለክልም!

ሁለት መኪና ቀረበልን። ሁለቱም 70 ሲሪየስ የሚባለው ቤተሰብ ናቸው። ይሄ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ሲሆን መልኩ ብዙም ሳይቀየር ዛሬም ይመረታል። አንደኛው የድሮው 75፣ የ1994 ሞዴል ነው። ሁለተኛው ከእሱ በኋላ የመጣው 78፣ የ2008 ሞዴል ነው።

የሚገርመው ሁለቱም ላይ ያለው ሞተር አንድ ዓይነት ነው። ዋን ኤች ዜድ ይባላል። 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው ናፍታ። ፖምፓው በሜካኒክ ነው የሚሠራው፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አይፈልግም። ትልቁ ልዩነት ከስር ነው። 75 ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በመጣው ለውጥ ግን የፊቱ ባሌስትራ ተነስቶ ሞላ ገባ። የኋላው ባሌስትራ እንዳለ ቀረ።

እኔ ለአዲሱ ቆምኩ። ፊቱ ሞላ ስለሆነ መሪው ይለሰልሳል፣ ተሳፋሪ አይንገላታም፣ ብረቱም በ14 ዓመት ይወጣታል። ደብተር ላይ ሰንጠረዥ ሠርቼ ነጥብ ሁሉ ሰጥቻለሁ። አዲሱ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

ጋሼ ሰንጠረዡን አየና ሳቀ። "ባሌስትራ ቢሰበርብኝ አንዷን ቅጠል እዚሁ አስቀይሬ ማታውን ቤቴ እገባለሁ። ያንተ ነጥብ የት መንደር ነው መለዋወጫ የሚሸጠው?" አለኝ። ትንሽ ተናደድኩ። ግን ልክ ነበር።

አንድ ተማሪዬ ደግሞ በስልኩ የመጨረሻውን 70 አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው፣ 2.8 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር ተርቦ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው። የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ተርቦው አማለለኝ። እኛ ያለንበት ከፍታ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚያገኘው ያንኑ የሳሳ አየር ነው፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ያቃስታል። ተርቦ አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባ ይሄን ያካክሰዋል። ግን ዘመናዊ የናፍታ ሞተር ቆሻሻና ውኃ የገባበት ናፍታ አይወድም። እኛ ጋ ደግሞ ማደያ ሲደርቅ ናፍታ በጀሪካን ነው የሚገዛው። ለማንኛውም ዋጋውን መጠየቅም ድፍረት ስለሆነ ወደ ሁለቱ ተመለስን።

ያገለገለ መኪና ዋጋ ደግሞ ታውቃላችሁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ቀደም ብሎ አገር የገባ መኪና እያረጀም ዋጋው አይወርድም። ደላላው ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል።

አንድ እሑድ ቡና ላይ ስንጨቃጨቅ እናቴ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና "ለመሆኑ የሁለቱ ልዩነት ስንት ነው?" አለች። ነገርኳት። "እሱ በእህትህ ሲቆጠር ስንት ዓመት ነው?"

አሰብኩት። የእህቴ የሁለት ዓመት ደመወዝ ነው።

ማንም አልተናገረም። እህቴ "መኪናው ከተገዛ እመጣለሁ፣ ካልሞላ ኮንትራቱን አራዝማለሁ" ብላን ነበር። እኔ ለሞላና ለለስላሳ መሪ ስከራከር፣ ሳላውቀው ሁለት ዓመት ሰው ቤት እየጨመርኩባት ነበር። ሰንጠረዤ ላይ ይሄ ረድፍ አልነበረም።

ማታ በድምፅ መልእክት ጠየቅናት። ስለ ሞዴል ምንም አላለችም። "ሰው የሚጭን አይደል? ፍሬኑን ብቻ አደራ" አለች።

ፍሬኑን ስትል እኔ ተማሪዎቼን ነው ያሰብኩት። ብዙዎቹ ከሩቅ ቀበሌ መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ዓርብ ስንቅ ለማምጣት ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፣ እሑድ ይመለሳሉ። የሚሳፈሩት እንደዚህ ዓይነት መኪና ላይ ነው፤ ከኋላ በጎን በኩል ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀው። ይሄ አግዳሚ በ75ም በ78ም ያው ነው። አዲሱን ብንገዛ ኖሮ ገንዘባችን እዚያው ላይ ያልቅ ነበር፣ ለጎማና ለፍሬን የሚተርፍ አይኖርም።

አሮጌውን ገዛን። ግን በቀለሙ አይደለም። ጋሼ የሚያምነው መካኒክ ከስር ገብቶ ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዶሻ እየነካካ አየው፤ የተበየደ ወይም የጠመመ ካለ ብለን። ጠዋት በብርድ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳነው፤ ሻጭ አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከርን። ከዚያ ፍሬኑን በሙሉ አሳደስን፣ አራት ጎማ ቀየርን፣ አግዳሚው ላይ ቀበቶ አሠራን። የታይሚንግ ቺንጋውንም ቀየርን፤ ይሄ ሞተር ጠንካራ ነው ቢባልም ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩን ሊጎዳው ይችላል። መቼ እንደተቀየረ ሻጩ በማስረጃ ካላሳየ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

አልዋሽም፣ ግልቢያው ደረቅ ነው። የፊቱ ባሌስትራ ጉድጓድ ሲያገኝ እስከ ጥርሴ ይሰማኛል። አዲሱን መንገድ ላይ ሳየው አሁንም ዓይኔ ይከተለዋል። ገንዘብ ቢኖረን እሱን ነበር የምገዛው፣ ይሄን አልክድም። ከጋሼ ጋር አንድ ውል ብቻ አለን፦ ጣራ ላይ ሰው አይወጣም። ዓርብ ዓርብ ቆሜ የማየው እኔ ነኝ፤ አንዳንዴ በገቢው እንጣላለን፣ ግን እስካሁን ውሉ አልፈረሰም።

እህቴ ግንቦት ላይ መጣች። ጋሼ ደብረ ብርሃን ድረስ ወርዶ ተቀበላት። ጋቢና ገብታ ወንበሩን፣ ዳሽቦርዱን፣ በሩን በእጇ ዳሰሰችና "ይሄ ነው እንዴ?" አለች። ጋሼ "ይሄ ነው" አላት። መንገዱን ግማሽ ያህል ተኝታ ነው የመጣችው፣ በዚያ ሁሉ ባሌስትራ።

እናንተስ? አሮጌና አዲስ መካከል ተቸግራችሁ የመረጣችሁ ካላችሁ ከስር ጻፉልኝ። በተለይ የገጠር መንገድ ሹፌሮች፣ የእናንተን ምክር ለጋሼ አነብለታለሁ። መልካም ሰንበት።