ቢጫዋ ላስቲክ፦ የቴክሳስ ማስታወሻ

ዳላስ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ቁርስ እየበላን፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ጠመንጃ ልገዛ ነው፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ?" አለኝ። "ዳቦ አልቋል፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ" የሚል ነው የሚመስለው። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ጠመንጃ ከመገዛቱ በፊት ሽማግሌ ይማከራል፣ በሬ ይሸጣል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ይፎከራል። ለክብሩ ብዬ ኮቴን ለብሼ ተከተልኩት። እሱ በነጠላ ጫማ ነበር።

ሱቁ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ነው። የዓሣ ማጥመጃውን፣ ድንኳኑን፣ የልጆች ብስክሌቱን አልፈን ከኋላ ስንደርስ ጠመንጃው ግድግዳውን ሞልቶ ተደርድሯል። እንደ ሽሮ ሜዳ ቀሚስ በእያንዳንዱ ላይ የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሏል። አባቴ በልጅግ ጠመንጃውን ከማንጠልጠያው ሲያወርድ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር፤ እዚህ ሻጩ አንዱን አውርዶ ማስቲካውን እያኘከ ያብራራል።

ዘመዴ የመረጠው ሩገር 10/22 የሚባለውን ነው። ስሙ ራሱ ማብራሪያ ነው፦ ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል፤ የጥይቱ ውፍረት 0.22 ኢንች ነው፣ በእኛ ልክ 5.6 ሚሊ ሜትር ግድም። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ አሜሪካ ውስጥ ተኩስ የሚለማመድ ሁሉ ያውቀዋል። ክብደቱ 2.3 ኪሎ ገደማ፣ ዋጋው ሦስት መቶ ምናምን ዶላር። ግማሽ አውቶማቲክ ነው፤ ማለትም ምላጩ አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ ቀለሁን ራሱ ያወጣል፣ ቀጣዩን ራሱ ያቀባብላል። በልጅግ ግን ለእያንዳንዷ ጥይት በእጅ ካልተቀባበለ ንቅንቅ አይልም። ጥይቱን ሳየው ሳቄ መጣ፤ የትንሿ ጣቴን ጫፍ አያህልም። "በዚህ ምን ሊታደን ነው?" ብለው "ወረቀት" አለኝ።

ከዚያ ፎርም መጣ። ቁጥሩ 4473 ነው፤ የፌዴራል መንግሥት ፎርም። ቁመት፣ ክብደት፣ የትውልድ አገር ይጠይቃል። በከባድ ወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል? ከሕግ እየሸሸህ ነው? ዕፅ ትጠቀማለህ? ከሁሉ ቀድሞ ግን "ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ?" ይላል። ዘመዴ "አዎ" የሚለው ላይ ምልክት ሲያደርግ እኔ፣ አገር ቤት እንዳደግሁት፣ መቶ ዶላር አውጥቼ "እኔ ልጨምር" አልኩ። ምሳ ተጋብዘን ሒሳብ ላይ የምንጣላ ሕዝብ አይደለንም? ልጁ ደነገጠ። "ጋሼ፣ ኧረ ገንዘብህን መልስ!" ለካስ አንዱ ከፍሎ ሌላው ጠመንጃውን ለከፋዩ ብሎ በራሱ ስም ከገዛ ወንጀል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ "እኔ ልክፈል" ማለት ሊያሳስር የሚችልበት አገር አየሁ።

ሻጩ የዘመዴን ስም ወደ ኤፍቢአይ ላከ። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ፈጣን ማጣሪያ አለ። መልሱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ "ቀጥል"፣ "ቆይ" ወይም "ተከልክሏል"። ለዘመዴ የመጣው "ቀጥል" ነው፤ ቡና ቢፈላ ሁለተኛው ሳይቀዳ ደረሰ። እኔ ግን በጎብኚ ቪዛ የገባሁ ሰው ነኝ፤ የአደን ፈቃድን የመሰለ ልዩ ምክንያት ከሌለኝ መግዛቱ ቀርቶ መያዝም አይፈቀድልኝም። ዘመዴ ይህን ሲነግረኝ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠመንጃ ስወለውል ኖሬ፣ ቴክሳስ ላይ እንደ ሕፃን "አትንካ" ተባልኩ።

ቤት ስንገባ እልልታ የለ፣ ፉከራ የለ። ካርቶኑ ሲከፈት ወፍራም የመመሪያ መጽሐፍ፣ ቁልፍና አንዲት ቢጫ ላስቲክ ወጡ። በበርሜሉ ላይ ሳይቀር "ከመጠቀምህ በፊት መመሪያውን አንብብ" የሚል ተቀርጿል። በአባቴ በልጅግ ላይ የተቀረጸው የአንበሳ ምልክት ነው፤ አንበሳው ማንንም አንብብ አይልም።

ምሽቱን ዘመዴ የማዕድ ቤቱን ጠረጴዛ አልጋ ልብስ በመሰለ ምንጣፍ ሸፈነ። አዲስ ጠመንጃ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ቅባት ይቀባል፤ እሱ ሳይጸዳ አይተኮስም። ካዝናውን ነቀለ፣ ባዶ መሆኑን በዓይኑ አየ፣ በጣቱም ዳሰሰ። ከዚያ የሱሪ ማሰሪያ የሚመስል ወፍራም ገመድ ከጥይት መግቢያው በኩል አስገብቶ በአፈሙዙ ስቦ አወጣ። አባቴ ያንኑ ሥራ በቀጭን የብረት ዘንግና በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ይሠራው ነበር። ሽታው ግን ያው ነው፤ የዘይቱ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ጎጃም ገብቼ ወጣሁ።

ቀጥሎ ስኮፕ፣ ማለትም አጉሊ የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ከላይ ተጫነ። ብሎኖቹን እንደ መኪና ጎማ አንዱን ትንሽ፣ ማዶውን ትንሽ እያለ በየተራ አጠበቃቸው። መነጽሩ ውስጥ ያለው መስቀል ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በክር ጫፍ ክብደት አስሮ ከበረንዳው ላይ አንጠለጠለ። የግንበኛ ቱምቢ! ከመጣሁ ወዲህ የአገሬን ነገር ያየሁት ያኔ ነው። ክሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ክር አልተከለከልኩም።

ቅዳሜ ወደ ተኩስ ሜዳ ሄድን። ቀይ ሰደርያ የለበሰ ተቆጣጣሪ ደንቡን ነገረን፤ የጆሮ መከላከያና መነጽር ለተመልካችም ግዴታ ነው። በየተወሰነ ደቂቃ "ሜዳው ቀዝቅዟል" ብሎ ይጮኻል። "ብርድ የታለ?" ብዬ ዞር ዞር አልኩ፤ ሙቀቱ ጭንቅላት ይበሳል። "ቀዝቅዟል" ማለት ተኩስ ቆሟል፣ ማንም መሣሪያ አይነካም ማለት ነው ለካ። ያን ጊዜ ሁሉም ካዝና ነቅሎ፣ ያቺን ቢጫ ላስቲክ የጥይት መግቢያው ውስጥ ሰክቶ፣ ከመስመሩ ኋላ ይቆማል። ላስቲኳ ከውጭ ስትታይ "ባዶ ነኝ" ማለቷ ነው። ዲያቆን "ተንሥኡ" ሲል እንኳ እንዲህ ባንድ ጊዜ የሚነሣ ምእመን አላየሁም።

ዘመዴ ኢላማውን 25 ያርድ ላይ ሰቀለ፤ 23 ሜትር መሆኑ ነው። ሦስት ተኮሰ። ሦስቱም አንድ ቦታ ተጠጋግተው፣ ግን ከመሐሉ አራት ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ። እኔ "ሳትክ!" አልኩ። አጠገባችን ፔርሙዟን ይዛ መጥታ የምትተኩስ የእናቴ እኩያ አሮጊት ሳቀች፦ "አልሳተም፤ ጠመንጃው ሥፍራውን እየተናገረ ነው።" የመነጽሩ ማስተካከያ በጣት ሲዞር ቀጭ ይላል። በዚህ ርቀት አንዷ ቀጭታ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ታንቀሳቅሳለች። ሃያ አምስት ጊዜ ወደ ቀኝ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የሚቀጥሉት ሦስት መሐሉን በሱት። ደግሞ ወደ 50 ያርድ፣ ደግሞ ከመጀመሪያው።

ከዚያ አራት ዓይነት ጥይት አውጥቶ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ተኮሰ። የዚህ ዓይነት ጠመንጃ እንደ ሰው ሆድ ነው፤ የሚስማማውን ራሱ ይመርጣል። ውዱ ጥይት እንደ ተበተነ ሽምብራ ወረቀቱ ላይ ተረጨ፤ መካከለኛው ዋጋ ያለው አምስቱንም በአንድ ብር ሳንቲም ልክ አሰፈረ። ዘመዴ ደስታውን የገለጸው ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ በመጻፍ ነው። እኔ "ዘራፍ!" ልል አፌን ከፍቼ አሮጊቷን አይቼ ተውኩት።

ወደ አገሬ ስመለስ ያቺን ቢጫ ላስቲክ ዘመዴን ለመንኩት፤ ሁለት ዶላር የማትሞላ ነገር ናት፣ ሰጠኝ። ለአገሬ ሰው የማወራው ስለ መነጽሩም ስለ ግማሽ አውቶማቲኩም አይደለም። እኛ ለጠመንጃ ስም ሰጥተናል፦ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግ። ቀረርቶም አለን፣ የ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177ም ፈቃድ አውጡ ይለናል። ግን ሰርግ ቤት ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ምሰሶ ላይ ሰቅለን ልጆች ከሥሩ ይጨፍራሉ፤ ደስ ሲለን ወደ ሰማይ እንተኩሳለን፣ የተተኮሰውም ተመልሶ ይወርዳል። ወንድሜ ሆይ፣ ሰርግ ስትሄድ ጥይቱን ከመሣሪያው አውጣና ግባ። የአባቴ በልጅግ ዛሬ ከዳዊቱ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ቃታው ተከፍቶ ቢጫዋ ላስቲክ ገብታበታለች። የመጣ እንግዳ ሁሉ "ይህች ምንድን ናት?" ይለኛል።