ስልክ ይዞ ወደ መተማ መውረድ፤ ፎቶ ማንሳት ለሚጀምሩ እናቶችና አባቶች

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በአዘዞ አልፎ፣ ጭልጋ አይከል ላይ ቡና ጠጥቶ፣ ነጋዴ ባሕርን ተሻግሮ ገንዳ ውኃ የገባ መንገደኛ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አጣጥፎታል። መንገዱ በኮኪት በኩል ቀጥሎ መተማ ዮሐንስ ላይ ያበቃል፤ ከማዶው የሱዳኗ ገላባት ናት።

የደጋ ሰው ስለዚህ አገር ሲጠየቅ «ሙቀትና ወባ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔም በነርስነት ስሠራ ቆላውን የማውቀው በበሽታው ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን አገሩን በሌላ በኩል ማየት ጀመርኩ። ምክንያቱ የልጅ ልጄ የሰጠችኝ ስልክ ነው። ዛሬ የምጽፈው ለእኩዮቼ ነው፤ ልጆቻቸው ጥሩ ስልክ ገዝተው ለሰጧቸው፣ እነሱ ግን «አሎ» ከማለት በቀር ለሌላ ለማይጠቀሙበት።

በእጅ ያለው ይበቃል

ፎቶ ማንሳት ለመጀመር ካሜራ መግዛት አያስፈልግም። በኪስዎ ያለው ስልክ ይበቃል። በፊልሙ ዘመን አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ነበር፤ እያንዳንዱ ገንዘብ ስለሆነ ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር የሚያነሳው። አሁን አሥር አንስቶ ዘጠኙን ማጥፋት ምንም አያስከፍልም። ስለዚህ አይፍሩ።

መጀመሪያ የካሜራውን መስታወት በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። በቆላ መንገድ አቧራ፣ በቤት ውስጥ ደግሞ የጣት ቅባት ይይዘዋል፤ ብዙ ሰው «ስልኬ ያደበዝዛል» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። ቀጥሎ ስልኩን በሁለት እጅ ይያዙ፤ ክንድዎን ከጎንዎ ያስጠጉ። እጃችን የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌዎች ግድግዳ ወይም የመኪና በር ብንደገፍ ይረዳናል። ሦስተኛ፣ ሰውየው ከራቀ በጣት እየለጠጡ ከማቅረብ ይልቅ በእግር ይቅረቡ። በጣት የተለጠጠ ምስል ብዙ ጊዜ ጥራቱን ያጣል። አራተኛ፣ ከማንሳትዎ በፊት የሰውየው ፊት ያለበትን ቦታ በጣት ነካ ያድርጉ። ያኔ ስልኩ ዋናው ነገር የትኛው እንደሆነ ያውቃል።

የቆላ ፀሐይ

ቀሪው ሁሉ ብርሃን ነው። ብርሃንን ለመማር ደግሞ ከመተማ የተሻለ ትምህርት ቤት አላገኘሁም፤ ስሕተትን አይሸፍንምና።

ይህ አካባቢ ያለበት ኬክሮስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ግድም፣ ፀሐይ በቀትር ከአናት ላይ ቀጥ ብላ የምትቆምበት ነው። በሌላውም ወቅት ቢሆን ቀትር ላይ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል። ግንባርና አፍንጫ ያበራሉ፣ ዐይን ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፣ ከአገጭ በታች ጥላ ይወድቃል። በቀትር የተነሳ ጤነኛ ሰው ከሆስፒታል የወጣ ይመስላል። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሰውን ሜዳ ላይ አቁመው አያንሱ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከቀኑም 10 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ የእርስዎ ነው። ያኔ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ይመጣል፤ ፊት ይለሰልሳል፣ መሬቱም የማር ቀለም ይይዛል።

ቀትር ላይ የግድ ማንሳት ካለብዎ የሣር ጎጆ በር ይፈልጉ። ሰውየውን ከደጃፉ ጥላ ውስጥ ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው ያስቀምጡት፤ እርስዎ ከውጭ ሆነው ያንሱ። ከጀርባው የቤቱ ጨለማ አለ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የደጁ ብርሃን ያርፋል። ትልቅ የዛፍ ጥላም እንዲሁ ይሠራል፤ በቅጠል መሐል የሚያልፍ ብርሃን ግን ፊት ላይ ነጠብጣብ ስለሚጥል ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ይሁን።

ሌላው የነጭ ልብስ ነገር ነው። መተማ ገበያ ላይ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ነጋዴና ነጠላ ያጣፋች እናት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ስልኩ ብዙ ነጭ ሲያይ ግራ ይጋባል፤ ወይ ፊቱን ያጠቁረዋል፣ ወይ የነጠላውን ጥለት ነጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ፊቱን በጣት ሲነኩ በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትወጣለች። ወደ ላይ ሲጎትቷት ምስሉ ይበራል፣ ወደ ታች ሲጎትቷት ይጠቁራል። የሰው መልክ እንደ ራሱ መልክ እስኪሆን ድረስ ያስተካክሉ፤ ማንንም ማቅላትም ማጥቆርም አያስፈልግም።

ለልምምድ የሚሆን ነገር በዚህ አገር ሞልቷል። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ነዶው ታስሮ እርስ በርሱ ተደግፎ ቆሞ ይደርቃል፤ ከዚያ ተገልብጦ ሲራገፍ ፍሬው ሸራ ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል። በማታ ብርሃን ፀሐይን በጎን በኩል አድርገው ያንሱት፤ አቧራው ሳይቀር ይታያል። በበጋ ደግሞ የዕጣን ዛፍ አለ። ልጡ ከተፋቀበት የምትወጣውን የሙጫ ጠብታ ለማንሳት በጣም ተጠግተው ደብዛዛ ከሆነብዎ፣ ጥርት እስክትል ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ።

አንድ የነርስ ምክር ልጨምር። ፎቶ የሚያምርበት የማታው ሰዓት ወባ አስተላላፊዋ ትንኝና ካላዛር አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ የሚወጡበትም ሰዓት ነው። የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር መጠለል ትወዳለች። እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ፤ ሥራዎን ሲጨርሱ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብለው አይምሹ፤ ማታም ያለ አጎበር አይተኙ።

ስልክም ይታመማል

በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስልክ ፀሐይ ላይ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ ከተተወ ግሎ ራሱን ያጠፋል፤ ባትሪውም ይጎዳል። ክትባት የያዝን የጤና ባለሙያዎች በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል ለማቆየት ስንጨነቅ ኖረናል፤ ስልክ ግን እንዲያ አይደለም። ከበረዶ ጋር ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስቀምጡት፤ በድንገት ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት ሲወጣ በውስጡ ጤዛ ይይዛል። በጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያኑሩት፤ ከጋለም አጥፍተው ያሳርፉት።

ፎቶው የማን ነው?

በመከር ወራት ከደጋው ብዙ ሺህ ወጣት ለቀን ሥራ ወደዚህ ይወርዳል። አንድ ጥቅምት ላይ ከኮኪት ወጣ ብሎ ካለ እርሻ ዳር ነዶ ሳነሳ አንድ ልጅ መጣ።

«እማማ፣ እባክዎ አንድ ፎቶ ያንሱኝ፤ ለእናቴ ልልክላት ነው» አለኝ።

ከጀሪካን ውኃ ፊቱን ታጠበ፣ ከጓደኛው ንጹሕ ሸሚዝ ተዋሰ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። አነሳሁትና አሳየሁት። አየውና ዝም አለ።

«ይህን ያጥፉልኝ» አለ ቆይቶ፤ «እንዲህ መክሳቴን ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም።»

ምስሉን አጉልቼ ሳየው የአንገቱ አጥንት ወጥቷል፤ ከተዋሰው ሸሚዝ ሥር ሆዱ በግራ በኩል ከፍ ብሏል። «ሲያተኩስህ ስንት ጊዜህ ነው?» አልኩት። ሦስት ሳምንት እንዳለፈው፣ ወባ ነው ብሎ ከሱቅ ኪኒን ገዝቶ እንደዋጠ ነገረኝ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ እብጠት በዚህ አገር ሲገጥሙ ካላዛርን መጠርጠር ነው፤ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። በማግሥቱ ወደ ሕክምና ወሰድነው፤ እንደፈራሁትም ሆኖ ተገኘ። 17 ቀን መርፌ ተወጋ።

የመጀመሪያውን ፎቶ ግን ያን ዕለቱን ዐይኑ እያየ አጥፍቼለት ነበር። ለእናቱ የተላከው ሕክምናውን ጨርሶ፣ ጉንጩ ሞላ ብሎ የተነሳው ነው። ፎቶው የተነሳው ሰው ነው፤ ስልኩ የእኔ ስለሆነ ምስሉም የእኔ አይሆንም።

ስለዚህ ሰውን ሳይጠይቁ አያንሱ። መጀመሪያ ሰላምታ ይስጡ፣ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይጠይቁ፤ ካነሱም በኋላ ያሳዩ። «አይሆንም» ካለ ስልኩን ኪስዎ ይክተቱ። የታመመን፣ ራቁቱን ያለን ሕፃን፣ የሚያለቅስን ሰው አያንሱ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ ብዙ ሕዝብ በዚህ በር ገብቷል። ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው ቢያንስ መልኩ የራሱ ይሁን። የልጅ ልጆቻችንንም ፎቶ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችን በፊት ወላጆቻቸውን እንጠይቅ።

ጠረፍ የራሱ ሕግ አለው። ኬላ፣ ድልድይ፣ የጉምሩክ ግቢና የታጠቀ ሰው አይነሳም። ለጨዋታ ብለው ያነሱት ስልክዎን ሊያስወስድብዎ፣ ከዚያም በላይ ሊያስጠይቅዎ ይችላል። ከቤት ሳይነሱም የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ሰው ይጠይቁ፤ ፎቶ ለሌላ ቀን ይደርሳል።

መልክ እንዳይጠፋ

ከመተማ በስተደቡብ ያለው ቋራ የአጼ ቴዎድሮስ አገር ነው። የእሳቸውን መልክ የምናውቀው ከሥዕል ነው። ንጉሡ መቅደላ ላይ በ1860 ዓ.ም. ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ዓመት ዋይት በሚባለው ደሴት ላይ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች እውቅ ፎቶግራፍ አንሺ አነሳችው። ልዑሉ በ18 ዓመቱ በዚያው በባዕድ አገር ሞተ፤ የሕፃንነት ፊቱን ግን ዛሬም ማየት እንችላለን። ፎቶው የቆየው ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተነሳ ተመዝግቦ ስለተቀመጠ ነው።

በእኛ ቤት ግን ስንት ፎቶ አለ፣ «ይህቺ ማን ነበረች?» የሚባልበት? ስልክ ቀኑን በራሱ ይመዘግባል፤ ስምን ግን አያውቅም። ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ቦታ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሰዎቹ ስም፣ የማን ልጅ እንደሆኑ። ይህን ሥራ ከእኛ የተሻለ የሚሠራው የለም፤ ዘመድ አዝማዱን የምናውቅ እኛ ነንና።

ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባበታል። ስለዚህ በወር አንድ ቀን ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ፍላሽ እንዲገለብጥልዎ ከቤት አንዱን ልጅ ይዘዙ፤ ሁለት ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል። በቴሌግራም ሲልኩ ምስሉ እንዲያንስ ስለሚያደርገው፣ ለማተም የሚፈልጉትን «እንደ ፋይል» ብለው ይላኩት። በዓመትም አሥር ያህሉን መርጠው ፎቶ ቤት ወስደው ያሳትሙ። በወረቀት የታተመ ፎቶ ቻርጅ አይፈልግም፤ ጀርባው ላይም ስም ይጻፍበታል።

የመጀመሪያ ሥራ ልስጥዎ። ነገ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከቤቱ ሰው ሁሉ በዕድሜ ትልቁን ያስፈቅዱና በር ላይ ያስቀምጡ፤ ፊታቸው ወደ ብርሃኑ ይሁን። መስታወቱን ይጥረጉ፣ ፊታቸውን በጣት ይንኩ፣ የልጅነት ነገር እየጠየቁ አሥር ጊዜ ያንሱ። ከዚያ የሚወዱትን አንዱን ራሳቸው ይምረጡ። ስማቸውን እስከ አያታቸው ድረስ ደብተሩ ላይ ይጻፉ።