ሲመለስስ?

ዛሬ የምጽፈው አንድ የቆየ ዕዳ ልክፈል ብዬ ነው።

ማይክሮዌቭ ሳስተምር ነው። ሰሌዳው ላይ ክብ ዌቭጋይድ ሥዬ፣ መሃሉ የፌራይት ዘንግ ከትቼ፣ ዙሪያውን ማግኔት አድርጌ፣ "ሞገዱ እዚህ ሲያልፍ 45 ዲግሪ ይዞራል" አልኩ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ሲመለስስ?"

"ያው የዞረውን ፈትቶ ወደነበረበት ይመለሳላ!"

"ግን እኮ ማግኔቱ አቅጣጫውን አልቀየረም..."

"ሰዓት የለንም" ብዬ አለፍኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ከዚያ ወዲህ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስሠራው፣ ልክ የነበረው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌራይት ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራ ሴራሚክ ነው። ማግኔት ይስበዋል፣ ኤሌክትሪክ ግን ብዙም አያሳልፍም፤ ስለዚህ ሞገዱ ውስጡ ይገባል። ቋሚ ማግኔት ሲያርፍበት የኤሌክትሮኖቹ ስፒን ሊወድቅ እንደደረሰ እንዝርት ይወላወላል፤ በ1 ቴስላ በሴኮንድ 28 ቢሊዮን ጊዜ ያህል። ወደ የት እንደሚዞር የሚወስነው ማግኔቱ ነው። ቀጥ ብሎ የሚወዛወዘው ሞገድ ደግሞ የሁለት ሞዶች ድምር ነው፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ የሚሽከረከር። ከስፒኑ ጋር የሚዞረውና በተቃራኒው የሚዞረው እኩል አይፈጥኑም። አንዱ ሲቀድም ድምሩ ይጠማዘዛል።

በስኳር ውሃ የሚያልፍ ብርሃንም ይጠማዘዛል። ሲመለስ ግን ይፈታል፤ አዟዟሩ ከጉዞው ጋር የተያያዘ ነውና። የፌራይቱ የተያያዘው ከማግኔቱ ጋር ነው። ሞገዱ ፊቱን ቢመልስ ማግኔቱ አይመለስም። ስለዚህ ሌላ 45 ይጨመርና 90 ይሆናል፤ በገባበት ባለ አራት ማዕዘን ዌቭጋይድ መውጣት አይችልም። እዚያው ኃይል የሚውጥ ስስ ንጣፍ ያስቀሩታል። ሌስተር ሆጋን ቤል ላብስ ሆኖ በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ራዳር በራሱ ነጸብራቅ እንዳይጎዳ የሚጠብቀው አይሶሌተርም የተሠራው በዚህ ነው።

ማለትም ልጁ የጠየቀው የትምህርቱን ዋና ነገር ነበር። እኔ ደግሞ በማግስቱ "ትናንት ተሳስቻለሁ" ማለት አቅቶኝ፣ ሥዕሉን አስተካክዬ ዝም ብዬ ቀጠልኩ። የማንን ጥያቄ እንዳስተካከልኩ ማንም አላወቀም።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ልክ ነበርክ። ይቅርታ አድርግልኝ።

አስተማሪ የሆናችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ እባካችሁ ልጁን አስጨርሱት።