የድሮ ሯጭ፣ የዘንድሮ ጫማ

ከፍታ ብቻውን ሻምፒዮን የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ የአትሌቲክስ ሜዳሊያ ሁሉ ከባሌ ባልወጣ ነበር። ጎባን ለቆ ሽቅብ የሚወጣ መኪና ሳነቴ ላይ 4,000 ሜትር ሲደርስ ተሳፋሪው ጋቢውን ይከናነባል፤ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ተገትሮ ይመለከተዋል። ምን ያደርጋል! ከአዲስ አበባ በአሰላ በኩል ወደ ሮቤ ሲመጣ ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በቆጂ ላይ ወርደው የቀሩ ይመስላል። ለእኛ የደረሰን ክርክሩ ነው።

ክርክሩም ያው ነው፤ የድሮ ሯጭ ወይስ የዘንድሮ? ሮቤ ውስጥ በምናዘወትራት ቡና ቤት ለድሮው የሚሟገቱት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ለዘንድሮው የሚሟገተው ባጃጅ ነጂ ስልኩን ያወጣል።

«ጋሼ፣ አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ላይ የገባው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገባች። በ18 ሰከንድ በለጠችው እኮ!»

«አንተ ልጅ፣ አበበ ትርፍ አንጀቱን ካስወጣ አርባ ቀን እንኳ አልሞላውም ነበር። ያም ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ሣሩ ላይ ጅምናስቲክ ሠራ። የእናንተዋ ጫማዋን ሳመች!»

የዚህን ሙግት ሥር ስፈልግ ሄጄ ሄጄ የደረስኩት የአሜሪካኖቹ ቤዝቦል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 የሲንሲናቲው ቡድን ሬድ ስቶኪንግስ ለተጫዋቾቹ ሁሉ በይፋ ደመወዝ ከፈለ። ጨዋታ እንጀራ ሲሆን ሒሳብ ይመጣል፤ ሒሳብ ባለበት ጭቅጭቅ አይጠፋም። ቤብ ሩት በ1927 በአንድ የውድድር ዘመን 60 ጊዜ ኳሷን በዱላ መትቶ ከአጥር ማዶ አሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሮጀር ማሪስ 61 አደረሰ። ይሁንና የዓመቱ ጨዋታ ከ154 ወደ 162 ከፍ ብሎ ነበርና የሊጉ የበላይ፣ በ154 ጨዋታ ካልተሻረ ለየብቻ ይመዝገብ አሉ። ጫማ አልነበረም እንጂ የእኛው ሙግት ነው።

ሩጫ እንጀራ የሆነው ዘግይቶ ነው። ታላቁ የፊንላንድ ሯጭ ፓቮ ኑርሚ ገንዘብ ተቀብለሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ታግዷል። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ከቶኪዮ ሲመለስ ያገኘው ማዕረግና ነጭ ቮልስዋገን ነው። ገንዘቡ በይፋ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲሆን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1993 ሽቱትጋርት ላይ ሲያሸንፍ ሽልማቱ መርሴዲስ ደርሶ ነበር። እናም መምህሩ «የድሮዎቹ ለፍቅር ነው የሮጡት» ሲሉ ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። ያልቀረበለትን ማዕድ አልበላም ብሎ የሚመሰገን የለም።

ጫማውንስ? የትዕግስት ጫማ 138 ግራም ይመዝናል፤ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ አምራቹም ለአንድ ማራቶን ብቻ የተሠራ ነው ይላል። ይህን አልክድም። ግን ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ወርቅ ሲያመጣ ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት ከ8 ደቂቃ በላይ ዘግይቷል። ደካማ ነበር እንበል? ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ምን ያህል እንደሚሳሳ ለባሌ ሰው አይነገረውም።

ስለዚህ ሰዓትን ከሰዓት ማጋጨት ትተን ሯጩን አብሮት ከሮጠው ሰው ጋር እንመዝነው። አበበ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን በ4 ደቂቃ፣ ማሞ ሜክሲኮ ላይ በ3 ደቂቃ፣ ትዕግስት በርሊን ላይ 6 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ቀድመዋል። ሁለተኛ የወጡትም ባዶ እግራቸውን አልነበሩም። መምህሩ ይቅር ይበሉኝና፣ በዚህ ሚዛን የረታው ባጃጅ ነጂው ነው፤ የዛሬውን ቡና ጋሼ ይክፈሉ።