የጎሮ መንገድና አንቱታ

ከመገናኛ በታክሲ ወደ ጎሮ ስትጓዙ የረዳቱን አነጋገር ልብ በሉ። አማርኛ «ጠጋ በል»፣ «ጠጋ በይ» ወይም «ጠጋ ይበሉ» ለማለት ሰውን መለየት ግድ ይላል። ረዳቱ ግን ለሁሉም «ጠጋ በሉ!» ብሎ ይገላገላል፤ ገንዘብ ሲቀበልም «ሂሳብ!» ብቻ ይላል።

ከታክሲው ወርዶ ሱቅ የገባ ሰው ግን ይህ ማምለጫ የለውም። የጎሮ ጎረቤታሞች ከየአገሩ የተሰባሰቡ ናቸው፤ ልማዳቸውም ይለያያል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ታላቁን በብዙ ቁጥር «ኢሲን» ብሎ ያከብራል። ዐረብኛ በመሠረቱ ለታናሽም ለታላቅም «አንተ» ይላል። እኛም በዱዓችን አላህን «አንተ» እንላለን፤ ሸኹን ግን «እርስዎ»። እንግዲያው «አንተ» በራሱ ንቀት አይደለም፤ ቅርበትም ነው። እናቱን በፍቅር «አንቺ» የሚል ልጅ አለ፤ «እርስዎ» እያለ የሚያመናጭቅም አለ። ሱረቱል ኢስራእ በ23ኛው አንቀጽ ለወላጆች ያዘዘው የአነጋገር ክብር በአንቱታ ብቻ አይሟላም።

ወጣቶች ሆይ! የማታውቁትን ታላቅ ግን በአንቱታ ጀምሩ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መሻገር ቀላል ነው፤ በ«አንተ» የተቀየመን ልብ መመለስ ግን ያስቸግራል። «አንቱታው ይቅር» የማለት መብትም የታላቁ ነው።