ሦስት ቃላት በካምፓላ

የገዛ ቋንቋችንን ለሌላ ሰው ማስተማር እስክንጀምር ድረስ ጠንቅቀን የምናውቀው ይመስለናል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በካምፓላ ከተማ ተከራይተን በተቀመጥንበት ቤት የደረሰብን ነገር ነው። በ2023 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋቸዋለን) ለሥራ ጉዳይ ወደ ኡጋንዳ ሄደን ስድስት ወር ያህል ስንቆይ፣ ያረፍነው ከአንድ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ነበር። ሽማግሌው በጎልማሳነታቸው ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ዓመታት ሠርተው ኖሮ፣ አማርኛን ጀምረው ሳይጨርሱት መቅረታቸው ይቆጫቸው ነበርና፣ ከኪራዩ ላይ ጥቂት ቀንሰው በየማታው አንድ አንድ ሰዓት እንድናስተምራቸው ተዋዋልን። ሰው ሁሉ በአገሩ ልማድ «ሙዜ» እያለ ስለሚያከብራቸው እኛም በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን።

ሙዜ ትጉህ ተማሪ ነበሩ። «ጸሐፊውን እርስዎ የምትሉ ሰዎች እግዚአብሔርን አንተ የምትሉት ስለ ምን ነው?» ብለው ጠይቀውን መልስ አጥተን ያደርንበት ሌሊት አለ። አንድ ማታ ስለ ቤተ ሰባቸው እንዲናገሩ ባዘዝናቸው ጊዜ፣ «ሦስት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ አንድ ወንድ ልጅ ነበረኝ» አሉ። ልጁ የሞተባቸው መስሎን ከመቀመጫችን ተነሥተን «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልናቸው። ልጁ ግን አልሞተም፤ በዚያው በካምፓላ ከአባቱ ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቆ ይኖራል። «እንግዲያስ ወንድ ልጅ አለኝ ነው የሚባለው» ብለን እንደ መምህር አረምናቸው። ሙዜ ደብተራቸውን ዘጉ፤ የዚያን ዕለት ትምህርትም በዚሁ አበቃ።

ነገሩ የተገለጠልን በመጋቢት ወር ነው። በ21ኛው ቀን የኡጋንዳ ምክር ቤት ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋራ የሚያደርጉትን ግንኙነት በዕድሜ ልክ እሥራት፣ ከባድ ነው ያለውንም ዓይነት በሞት የሚያስቀጣ ሕግ አጸደቀ። በዚያ ሰሞን በታክሲም፣ በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ሌላ ወሬ አልነበረም። ሙዜም ደብተራቸውን ዘርግተው ለዚህ ነገር በአማርኛ ምን ስም እንዳለው ጠየቁን። «ግብረ ሰዶም» አልናቸው። ቃሉን እንደ ልማዳቸው ከሁለት ከፈሉት፤ «ግብር» ሥራ፣ «ሰዶም» ከተማ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ፍርዱ ከስሙ ውስጥ ገብቶ ካለቀ ክርክሩ የት ላይ ነው የሚደረገው?» አሉን። ከዚህ በኋላ ልጃቸው ከቤት የወጣበትን ምክንያት ነገሩን፤ በቤታቸው ውስጥ ማንም በማይሰማው ቋንቋ፣ ግሡን እየሳቱ፣ ተባዕቱን ከአንስት እያቀላቀሉ ነገሩን። አማርኛችን ለምን እንደሚያስፈልጋቸው የገባን ያን ጊዜ ነው።

እሑድ እሑድ የባለቤታቸው ወንድም፣ ሰባኪ ናቸው፣ ለምሳ ይመጣሉ። ማቶኬውና የለውዙ ወጥ ሳይነሣ ክርክር ይጀመራል። ሙዜ ከነቢዩ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 16 ቁጥር 49ን ጠቅሰው፣ የሰዶም በደል ትዕቢትና እንጀራን መጥገብ፣ ድኻውንም አለመርዳት መሆኑን ሲያነቡ፣ ሰባኪው «ሃምሳኛውንም ቁጥር ያንብቡት እንጂ!» ይላሉ፤ በእርግጥም ሃምሳኛው ርኩሰትን ይጨምርበታል። ሰባኪው የሮሜን መልእክት አንደኛ ምዕራፍ ሲጠቅሱ ደግሞ ሙዜ በተራቸው፣ ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በሌላው ላይ የሚፈርደውን ሰው በመገሠጽ ነው ብለው ይመልሳሉ። እመቤቲቱ ሳህኑን እያነሡ ዝም ይላሉ።

ስለ ሰባኪው ክፉ እንድናስብ የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር አንስማማም። ቃላቸው ቀላል አልነበረም። ሕመምተኛን ደኅና ነህ ብሎ ማሰናበት ፍቅር አይደለም፤ ኃጢአትን በስሟ ለመጥራት የፈራች ቤተ ክርስቲያን መድኃኒት አለኝ ብላ ልትሰብክ አትችልም፤ ንስሐ የሌለበት ድኅነት የለም ይሉ ነበር። ይህ የቆየ የክርስትና ትምህርት ነው፤ በእኛም ቤተ ክርስቲያን ያለው ይኸው ነው። ሆኖም ልጁ ከቤት ሳይወጣ አጎቱን «ንስሐ የምገባው ስላደረግሁት ነው ወይስ ስለ ሆንሁት?» ብሎ ጠይቋቸው እንደ ነበረ ሙዜ ነግረውናል። አጎቱም መልስ ሰጥተዋል፤ የሰጡት መልስ ግን ለሌላ ጥያቄ የሚሆን ነበር።

ክርክሩ የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. የመላው ዓለም የአንግሊካን ጳጳሳት በእንግሊዝ አገር በላምቤዝ ጉባኤ ተሰብስበው፣ በ526 ድምፅ በ70 ተቃውሞና በ45 ድምፀ ተዓቅቦ፣ ድርጊቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋራ አይስማማም ብለው ወስነዋል። በዚያው ውሳኔ ውስጥ ደግሞ እነዚህ ሰዎች በእግዚአብሔር የተወደዱ መሆናቸውን፣ ቤተ ክርስቲያንም ታሪካቸውን ለማዳመጥ ቃል መግባቷን ጽፈዋል። ካምፓላ የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ለንደን ሁለተኛውን ግማሽ ይዘው ሲከራከሩ እነሆ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነ። በ2023 ዓ.ም. በየካቲት ወር የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ለእንደዚህ ያሉ ጥንዶች የቡራኬ ጸሎት እንዲደረግ ሲስማማ፣ የኡጋንዳው ሊቀ ጳጳስ እስጢፋኖስ ካዚምባ በብርቱ ተቃወሙ፤ ሕጉ በወጣ ጊዜም ደገፉት፤ የሞት ቅጣቱን ግን ቤተ ክርስቲያናቸው እንደማትቀበል፣ ዕድሜ ልክ እሥራት እንደምትመርጥ አስታወቁ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ በሰኔ ወር ኀዘናቸውን ገለጡላቸው። በዚያው ዓመት በጥር ወር የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ ነገሩ ኃጢአት ነው ቢባልም ወንጀል ግን አይደለም፣ ሁለቱን እንለይ ብለው ተናግረው ነበር።

ይህ የጳጳሱ ቃል ለትምህርታችን ፈተና ሆነብን። ሙዜ «ኃጢአትና ወንጀል በአማርኛ እንዴት ይለያያሉ?» አሉን። ኃጢአት፣ አልናቸው፣ ከግእዙ «ኀጥአ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ማጣትም ነው፤ «አጣ» የምንለው ቃል ዘመዱ ነው። ወንጀል ግን ዳኛ የሚያየው፣ ወህኒ የሚያስገባ ነው። ይህን ብለን ሳንጨርስ የወሎ እስላም ጎረቤቶቻችን ትዝ አሉን፤ እነርሱ «አላህ ወንጀልህን ይማርህ» ሲሉ የሚናገሩት ስለ ኃጢአት ነው። እንግዲህ በእኛው አገር በአንዱ መንደር ዳኛው የሚቀጣው፣ በሌላው መንደር ፈጣሪ የሚምረው አንድ ቃል ሆኖ ይኖራል። የኢትዮጵያም የወንጀል ሕግ፣ በ2004 የወጣው፣ በ629ኛው አንቀጽ ይህንኑ ነገር በእሥራት ይቀጣል፤ ስለ ጎረቤት ስንጽፍ የራሳችንን መዝለል አይገባንም።

ሦስተኛው ቃል «ድኅነት» ነው። ሙዜ በፈተና ወረቀታቸው ላይ «መንግሥት ድኅነትን ከአገሩ ለማጥፋት ይደክማል» ብለው ጽፈው አሥቀውናል። ድሃ መሆን «ድህነት» ነው፣ መዳን «ድኅነት» ነው፣ ጆሮ አይለያቸውም፣ ፊደል ይለያቸዋል አልናቸው። አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችንም ይጠንቀቁ።

አሁን ለመጻፍ ወደሚያሳፍረን ነገር እንመለስ። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ሕጉን በግንቦት 26 ቀን ከፈረሙ በኋላ፣ በአንዱ ማታ፣ ሙዜ «ልጄ ይድናል ብለህ ታምናለህን?» አሉን፤ «እርስዎ» ማለቱን በዚያ ሰዓት ረስተውት ነበር። እኛም የቆሮንቶስን መልእክት ስድስተኛ ምዕራፍ ጠቅሰን፣ እንደዚህ ያሉት መንግሥተ ሰማያትን አይወርሱም አልናቸው። ትምህርት እንደ ጠየቁን ሁሉ በፍጥነት መለስን። ሙዜ መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን መጽሐፍ ገለጡና በጣታቸው እየቆጠሩ አነበቡ፤ ዝርዝሩ አሥር ነው። ሌባው፣ ስስታሙ፣ ሰካራሙ፣ ተሳዳቢው፣ ቀማኛው ሁሉ አሉበት። «ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ» አሉ፤ «ስስታሞቹንና ቀማኞቹን በስማቸው አውቃቸዋለሁ። በቤተ ክርስቲያን ከፊተኛው ወንበር ይቀመጣሉ። አባታቸው ይድናሉን ብሎ ሲጨነቅ አላየሁም።» ቀጥሎ ያለውን ቁጥር፣ ከእናንተም አንዳንዶቹ እንደዚህ ነበራችሁ፣ ታጠባችሁ የሚለውን፣ ባለቤታቸው በየሌሊቱ ለልጃቸው እንደሚጸልዩበት ነገሩን፤ እርሳቸው ግን ምን ብለው እንደሚጸልዩ አያውቁም።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 3 ቀን፣ ወደ ናሙጎንጎ አብረን ሄድን። በዚያ ቦታ በ1886 ዓ.ም. የቡጋንዳው ንጉሥ ምዋንጋ ክርስቲያን የሆኑ ወጣቶችን በእሳት አቃጥሎአል፤ ከ1885 እስከ 1887 የተገደሉት 22 ካቶሊኮችና 23 አንግሊካኖች እንደ ሰማዕታት ይታሰባሉ። ወጣቶቹ የንጉሡን የሥጋ ፈቃድ እምቢ በማለታቸው ጭምር ተገደሉ የሚለው ታሪክ በሰፊው ይነገራል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ንጉሡ የባዕዳንን ኃይል መፍራቱን ያክላሉ። እንግዲህ የኡጋንዳ ምእመን ስለዚህ ጉዳይ ሲቆጣ የሚያስታውሰው የራሱን ሰማዕታት ነው፤ ይህን ሳያውቁ ከሩቅ መፍረድ ከባድ ነው። ሙዜ በሕዝቡ መካከል ቆመው «እነዚህም ልጆች ነበሩ፤ አባቶች ነበሯቸው» አሉን፤ ከዚህ በቀር አልተናገሩም።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ ለሙዜ የሰጠነውን መልስ ለንስሐ አባታችን ነገርናቸው። እርሳቸውም ትምህርቱን አልነቀፉም። ልጁን አይተነው እናውቅ እንደ ሆነ ብቻ ጠየቁን። አላየነውም። «ታዲያ የማን ንስሐ አባት ሆናችሁ ተናገራችሁ?» አሉን፤ ቀኖናም ሰጡን፤ ምን እንደ ነበረ ግን በዚህ ላይ አንጽፈውም። በእኛ ዘንድ ንስሐ ራሱ ሰውየው ተነሥቶ የሚሄድበት ነገር ነው፤ ሌላ ሰው ሄዶ አይገባለትም፤ ዘበኛም ይዞ አያስገባውም። ሰባኪው ንስሐን በመስበካቸው ስሕተት አላየንባቸውም። ንስሐውን ለፖሊስ ማስረከብ እንዴት እንደሚቻል ግን እስከ ዛሬ አልገባንም።

በሚያዝያ 2024 የኡጋንዳ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የሕጉን አብዛኛውን ክፍል አጽንቶ፣ ጥቆማ የማድረግን ግዴታና ስለ ቤት አከራዮች የተጻፈውን ሽሮአል። ከዚህ በኋላ ከሙዜ ደብዳቤ ደረሰን፤ በአማርኛ የተጻፈ፣ ስሕተቱም ብዙ ነው። ስለ መጽሐፉ ቃል ያላቸው አስተያየት እንዳልተለወጠ፣ ከባለቤታቸውም ጋራ ገና እንደሚከራከሩ ጽፈዋል። «ወንድ ልጅ አለኝ» ይላል ሁለተኛው ገጽ። «አጎቱ እሑድ ስለሚመጣ እርሱ ቅዳሜ ይመጣል።» በመጨረሻም እንደ ልማዳቸው አንድ ጥያቄ አክለዋል፦ «ይቅር» የሚለው ቃል ነገሩን ተወው ማለት ነው ወይስ ምሕረት ማድረግ ነው? በመዝገበ ቃላታቸው ውስጥ ሁለቱንም አግኝተዋል። መልሱን ገና አልላክንላቸውም።