የአድዋው ሽጉጥ

ቤታችን «የአድዋ ምርኮ» ይሉታል፤ ቅድመ አያቴ የማረኩት። ሐይቅ፣ አክስቴ ዘንድ ያለው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ጣሊያኖች ቦዴዎ የሚሉት የ1889 ሞዴል ነው። ምላጩ እንደ ሰንጢ ይታጠፋል፤ ለተራ ወታደር የተሠራው እንዲህ ነው፣ የመኮንኑ ምላጭ ግን በቀለበት ይከለላል። ችግሩ፣ 1917 የሚል ዓመት ተመትቶበታል። አድዋ በፈረንጅ 1896 ነው! ማርኬቲንግ ስለምሠራ «አድዋ» የሚለው ስም ምን ያህል እንደሚሸጥ አውቃለሁ፤ መሣሪያ ሰብሳቢ ግን መጀመሪያ የሚያየው ማኅተሙን ነው። ደሴ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ወድቃ ነበርና የአምስቱ ዓመት ወረራ ይበልጥ ይስማማዋል። ይህንኑ ፈራ ተባ እያልኩ ለአክስቴ ነገርኳት። አልከፋትም።

«እንግዲያማ የማረኩት አባቴ ናቸዋ!»

አያቴ ያኔ ሃያ ዓመታቸው ነበር፤ አምባሰልም ቅርብ ነው።